ከመድረክ አዲስ ትምህርት ሲመጣባችሁ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባልትና እሸጣለሁ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተለቀመ ምስር። ከሱቄ ፊት ለፊት የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። እሁድ እሁድ ስፒከሩ ግማሽ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። አዳራሹ የራሳችን ቸርች ስለሆነ ማማረር አልችልም።

እዚያ ስድስት ዓመት አመለክሁ። ትምህርቱ በአንድ ቀን አልተቀየረም። መጀመሪያ ስለ ኃጢአትና ስለ መስቀል መስማት ቀረ። ቀጥሎ በየሳምንቱ "ይህ ወር ያንተ ነው" መጣ። በመጨረሻ የተጸለየበት ዘይት በጠርሙስ ይሸጥ ጀመር። እኔም አንዱን በ500 ብር ገዝቼ የሱቄን በር ቀብቻለሁ። ባልትና ነጋዴ ሆኜ ሽታው ሊያመልጠኝ አይገባም ነበር፤ ያው የገበያ ዘይት ነው። ከብሩ ይልቅ ያናደደኝ 2ኛ ነገሥት 5ን አንብቤ መርሳቴ ነው። ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ ነቢዩ ኤልሳዕ ስጦታውን እምቢ አለ። ከኋላ ሮጦ ብሩንና ልብሱን የተቀበለው የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ የንዕማንን ለምጽ ወረሰ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ። የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ደብተር ግን አለኝ።

ስብከት ስትሰሙ መጀመሪያ የጥቅሱን ቁጥር ጻፉ። የሚያስቀውን፣ የሚያስለቅሰውን ተዉት። ቤት ስትገቡ ምዕራፉን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። በእኛ ሰፈር በጣም የሚሰበከው ኤርምያስ 29፥11 ነው፤ "ፍጻሜና ተስፋ" የሚለው። በዚህ ጥቅስ መኪናም፣ ቪዛም፣ ባልም ተሰብኳል። ምዕራፉ ግን ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ቁጥር 5 ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ ይላቸዋል፤ ቶሎ አትመለሱም ማለቱ ነው። ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤውን ከሰሙት ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቁጥር 8 ነው፤ በመካከላችሁ ያሉት ነቢያት አያታልሉአችሁ ይላል። ከተሰበከልን ጥቅስ ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ ተቀምጧል! እርሳሴን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ለማን እንደተጻፈም ጠይቁ። 3ኛ ዮሐንስ ቁጥር 2 "በነገር ሁሉ እንዲከናወንልህ" ሲል ለጋይዮስ የተጻፈ ሰላምታ ነው። እኛም ለሰው ደብዳቤ ስንጽፍ "ለጤናህ እንዴት ነህ" እንላለን። ከሰላምታ የብልጽግና ወንጌል፣ ያመነ ሁሉ ይበለጽጋል የሚለው ትምህርት፣ አይወጣም። ቃሉ ከከበዳችሁ የ1954ቱን እና አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሁለቱም ስልክ ላይ አሉ።

"የተቀባን አትንኩ" የሚላችሁ አይጠፋም። መዝሙር 105ን ክፈቱለት። እዚያ የተባለው ነገሥታት ከአገር አገር የሚንከራተቱትን አብርሃምን፣ ይስሐቅንና ያዕቆብን እንዳይጎዱ ነው። ጥያቄ መጠየቅን አይከለክልም። የቤርያ ሰዎች የመረመሩት ጳውሎስን ራሱን ነው፤ በሐዋርያት ሥራ 17፥11 ተመሰገኑበት እንጂ አልተወቀሱም።

ሌላው መለኪያዬ ከእናቴ የወረስኩት ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሏ ታነበንብ ነበር። ጴንጤ ስሆን ያንንም ጥዬ ነበር፣ የጅል ነገር። በኒቅያ ጉባኤ በፈረንጆች 325 ተጀምሮ በቁስጥንጥንያ ጉባኤ በ381 የተሟላ ነው። አንድ አምላክ፣ ሰው የሆነው ልጅ፣ የተሰቀለውና የተነሣው፣ መንፈስ ቅዱስ፣ የሙታን ትንሣኤ። አዲስ ትምህርት ከእነዚህ አንዱን ሲነካ ጆሮዬን አቆማለሁ። ከበሮ ወይስ ኪቦርድ፣ ሱሪ ወይስ ቀሚስ የሚለው ላይ ግን እንቅልፍ አላጣም።

ብቻችሁን አትመርምሩ። እኔ ብቻዬን ስመረምር አንድ ሰው በድያለሁ። አንድ ወጣት ሰባኪ "ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑር" አለ ብዬ ለሁለት ሰው አወራሁ። ረቡዕ በቤት ኅብረታችን የስብከቱን ቅጂ ከፈትን። ልጁ ሮሜ 6፥1ን ነበር የሚያነበው። ጥያቄውን ሰምቻለሁ፤ "አይደለም" የሚለው መልስ ሲመጣ እኔ ሱቅ ውስጥ ለበርበሬ ደንበኛ መልስ እየቆጠርኩ ነበር። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። "እትዬ፣ ሽሮ ይመርቁልኝና ይቅር" አለኝ። መረቅሁለት።

የቤት ኅብረት ከሌላችሁ ሦስት ሰው ይበቃል። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ብዙ አማኝ የቆየው በየቤቱ ተሰብስቦ ነው።

ከዚያ የቸርቹን ሽማግሌ አናግሩ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይም አትያዙት። በአዘቦት ቀን ሂዱ። አንድ ጥቅስና አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ አስራ አንድ ነጥብ ጽፌ ሄጄ ሦስተኛው ላይ ስልክ ተደወለለት።

መውጣት የመጨረሻው ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። የሉተራን ወገን የሆነችውን መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን እዩ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻና በአገልጋዮች ጉዳይ ትምህርታቸውን የለወጡት በፈረንጆች 2009 ነው። መካነ ኢየሱስ ከሁለቱ ጋር ግንኙነቷን ያቋረጠችው በ2013፣ በእኛ 2005 ዓ.ም. ነው። በጉባኤ ተወስኖ። የቆየ ዝምድናና እርዳታ የነበረበት ጉዳይ ነው። እኛ በአንድ እሁድ ተናደን ቸርች እንቀይራለን። ከወጣችሁም ለመሪያችሁ ምክንያቱን ነግራችሁ ውጡ፤ ዝም ብሎ መጥፋት ለቀሩት ሐሜት ብቻ ነው የሚተወው።

እኔ ገና አልወጣሁም። ሽማግሌው ለሐሙስ ቀጥሮኛል። "ኤርምያስ 29ን ከቁጥር 1 ጀምረን አብረን እናነባለን" አለኝ። "እሺ ጋሼ፣ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ" አልኩት።