አኳሪየም ይዞ ቤት መቀየር፦ የጨው ውሃ ዓሣ ለጀመራችሁ

ተደላድሎ የቆየ የጨው ውሃ አኳሪየም ለማዛወር ስታስቡ መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁ ውሃው ነው። «ይሄን ሁሉ ውሃ እንዴት አድርጌ ልውሰደው?» ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ላለው ድንጋይ ተጨነቁ እላለሁ። የዓሦቹን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ድንጋዩ ላይና ቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ አሸዋው ገጽ ላይና ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው። ውሃው ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው። ውሃ ቢደፋ አዲስ ይበጠበጣል። ድንጋዩ ከደረቀ ግን ባክቴሪያው ይሞታል፣ ላዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታትም ይበሰብሳሉ። ከዚያ አሞኒያ ይመጣል። የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 ከፍ ስለሚል ደግሞ አሞኒያው ከተራው ውሃ የበለጠ መርዛማ ይሆናል።

የእኔ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ፣ አንድ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣዎችና የዞአንቲድ ኮራሎች አሉበት። የምነግራችሁም በዚህ ልክ ላለ ገንዳ ነው። የእናንተ ከዚህ ከበለጠ ሰውም ባልዲም ጨምሩ። 200 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ድንጋይና አሸዋው ሲታከልበት አስቡት። ስለዚህ ገንዳው ባዶ ሆኖ ነው የሚነሳው። «ትንሽ ውሃ ቢቀርበት ምን አለበት» የሚል ረዳት አይጠፋም፤ እሺ አትበሉት። ውሃው ወዲያ ወዲህ ሲል መስታወቶቹን የያዘውን ሲሊኮን ይፈታዋል።

ከቀኑ በፊት የሚያልቁ ነገሮች አሉ። አዲሱ ቤት ሄዳችሁ የገንዳውን ማስቀመጫ ትከሉና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አይሁን። በዋዜማው አዲስ የጨው ውሃ በጥብጡ። ቢያንስ የገንዳውን ግማሽ ያህል ይዘጋጅ። ውሃው በአርኦ (RO፣ ውሃን በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጣራ መሣሪያ) የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይገባል፤ የገዛችሁት ጨው ማሸጊያ ላይ ያለውን መጠን ተከተሉ። ጨው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ጨው ላይ አይፈስም፤ እንደዚያ ከሆነ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ፓምፕና ማሞቂያ ከታችሁበት እንዲያድር ተዉት። ጨዋማነቱ ከአሮጌው ገንዳ ጋር እኩል ይሁን። የእኔ በጨዋማነት መለኪያው (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) 1.025 ነው፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። ዓሦቹን ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ አታብሏቸው። ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ባልዲ ውስጥ ውሃውን ብዙ አያበላሽም፤ አንድ ቀን ባይበላም ምንም አይሆንም።

ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ ማሞቂያውን ንቀሉና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ትኩስ ማሞቂያ ከውሃ ውጪ ከቀረ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የድንጋዮቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ምንም ነገር ሳትነካኩ የላይኛውን ንጹህ ውሃ በቱቦ ሳቡና ክዳን ባላቸው ባልዲዎች ሙሉ። እጃችሁ አንዴ ከገባ ውሃው ይደፈርሳል፤ ስለዚህ የምትወስዱትን ውሃ ሁሉ ቀድማችሁ ያዙ። ባልዲዎቹ ሳሙና ነክቷቸው የማያውቁ ይሁኑ።

ቀጥሎ ኮራሎቹ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ለየብቻው በውሃ ይቀመጥ፤ ከተነካኩ ይናደፋሉ። አኔሞኒ (አበባ የሚመስል፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ የባሕር እንስሳ) ካላችሁ ከድንጋዩ ለመላጥ አትሞክሩ፣ እግሩ ይቀደዳል። ከነድንጋዩ አውጡት። ስለ ዞአንቲድ ግን ቆም ብላችሁ ስሙኝ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ አላቸው። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ለሌላ ሰው ስጡት። የሞተ ኮራል ያለበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፈላ ውሃ እንዳትነኩት፤ እንፋሎቱ ብቻ ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ስታወጡ አትቸኩሉ። ድንጋዩን ከውሃው በላይ ያዝ አድርጉና ጠብቁ። ውሃው ከቀዳዳዎቹ ሲንጠባጠብ የእኔ ጎቢ መጀመሪያ ጭራውን ያወጣል፣ ከዚያ ሙልጭ ብሎ ገንዳው ውስጥ ይወድቃል። ድንጋዩን አገላብጡና ወደ ቀዳዳዎቹ በባትሪ አብሩ። ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ አብሮ ባልዲ ገብቶ በድንጋይ የሚጨፈለቀው እዚህ ጋ ነው። ድንጋዮቹ ባልዲ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በገንዳው ውሃ ይሸፈኑ። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መሄድም ለአጭር መንገድ ይሠራል፤ ስፖንጅ መሳይ ፍጥረታት ግን አየር ከነካቸው ይሞታሉ። ስለዚህ እኔ ውሃውን እመርጣለሁ።

አሁን ገንዳው ውስጥ የቀሩት ዓሦችና አሸዋ ናቸው። ዓሦቹን መጨረሻ ላይ የማወጣው በምክንያት ነው። ድንጋይ እያለ በመረብ ማባረር እነሱንም እናንተንም ያደክማል። ድንጋዩ ወጥቶ፣ ውሃው አንድ ስንዝር ሲቀር ግን መደበቂያ የላቸውም። ከመረብ ይልቅ ግልጽ የላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ፤ በመረቡ ወደ ዕቃው ነዱና ከነውሃው አንሷቸው። በተለይ እንደ ታንግ ያለ ጭራው ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ ያለው ዓሣ መረብ ውስጥ ይጠላለፋል። ባልዲያቸው ቀድማችሁ የቀዳችሁት ንጹህ ውሃ ይኑረው። እስከ አፉ አትሙሉት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ክተቱና ክደኑት፣ ዓሣ ይዘላል። የሚጣሉትን ለያዩ። ከዓሣ ጋር ድንጋይ አታስቀምጡ።

ወደ አሸዋው እንምጣ። እንደኔ እንደኔ ብዙ አኳሪየም በዝውውር የሚሞተው በአሸዋ ነው። ወራት የቆየ አሸዋ ሥሩ የተጠራቀመ ቆሻሻ አለበት። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ከሆነ ደግሞ ታች አየር ስለማይደርስ ጥቁር መስመር ይሠራል። ስትዝቁት እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ለዓሣ መርዝ። ይህን አሸዋ እንዳለ አዲሱ ገንዳ ላይ ብትገለብጡት የዓመት ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግማችሁ ታጥባላችሁ፤ የመጨረሻው እጥበት በጨው ውሃ ይሁን። ወይ ጥላችሁ አዲስ ትገዛላችሁ። እኔ አዲስ እገዛለሁ። ከአሮጌው ላይኛው ገጽ ብቻ አንድ ኩባያ ዝቄ ለዘር አስቀራለሁ። ባክቴሪያው ይቀንሳል ብላችሁ አትስጉ፤ ድንጋዩ ይበቃል።

የተዘጋ የውጭ ማጣሪያ ካላችሁ ሞልቶ እንደቆመ አትጫኑት። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቅና ባክቴሪያው ይታፈናል። ውሃውን ድፉ። ስፖንጁንና ሌላውን ማጣሪያ የገንዳው ውሃ ባለበት ክፍት ባልዲ አድርጉት።

መንገዱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ዓሦቹ ከእናንተ ጋር ይሂዱ እንጂ ዕቃ መኪና ላይ አይጫኑ። ባልዲው ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚተከለው ገንዳው ነው፤ አልጋውም ሳህኑም ይጠብቅ።

ስትተክሉ ድንጋዩን ቀጥታ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋው ከዚያ በዙሪያው ይፍሰስ። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ፣ ጎቢ ሥሩን ሲቆፍር ይናዳል። አሸዋው ላይ ሳህን አኑሩና ውሃውን እሱ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። የየባልዲው ዝቃጭ ይደፋ። ድንጋዮቹ የመጡበትን ውሃ እኔ ሁሌም እደፋለሁ። የጎደለውን በአዲሱ ውሃ ሙሉና ፓምፑን፣ ከዚያ ማሞቂያውን አስነሱ።

ውሃው ትንሽ ቢደፈርስ አትደንግጡ፣ ብናኙ በማግስቱ ይወርዳል። የሚያስፈልገው ልኬት ነው። ሙቀቱ፣ ጨዋማነቱ፣ አሞኒያው። አሞኒያ ዜሮ ካላለ ዓሦቹ አይግቡ። አየር ፓምፕና ማሞቂያ ካለው ባልዲ ውስጥ ቢያድሩ ምንም አይሉም። ሲገቡ መብራት ይጥፋ።

ለሁለት ሳምንት ያህል አሞኒያውን በየቀኑ ለኩ። ከታየ ሩቡን ውሃ ቀይሩ፤ እንደ ሲኬም ፕራይም ያለ አሞኒያ የሚያከሽፍ ፈሳሽም እጃችሁ ላይ ይኑር። ምግብ ቀንሱ። መብራቱን በቀን ለጥቂት ሰዓት ጀምራችሁ ቀስ በቀስ መልሱት፣ በአንዴ ከሆነ ኮራሉ ይደነግጣል። ፕሮቲን ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) የመጀመሪያዎቹን ቀናት አረፋ ሊያትረፈርፍ ይችላል፣ ዝቅ አድርጉት። አዲስ ዓሣ ለአንድ ወር አታስገቡ። ክላውንፊሾቹ ጥግ ይዘው ቢውሉ ተዉአቸው። ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከከፈቱ ግን ሌሊትም ቢሆን ተነስታችሁ ለኩ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ እንዲሆናችሁ ከዋዜማው የበጠበጣችሁትን ውሃ ሁሉ አትጨርሱ፤ 50 ሊትር ያህል ከነማሞቂያው ጥግ ላይ ይቆይ።