አነጻጻሪው ሲዋሽ፦ ዝግጁ የመደርደሪያ ፈንክሽን ስንጠቀም የምንፈጽማቸው ስህተቶች

የፕሮግራሚንግ ላይብረሪዎች የሚያቀርቡልን ደርዳሪ የሚደረድረው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ደመወዝ ይሁን ስም፣ ቀን ይሁን የዕቃ ዝርዝር ለእሱ ልዩነት የለውም። ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እኛው የምንጽፈው አነጻጻሪ ፈንክሽን ነው። የጀማሪዎችን ኮድ ሳይ በኖርኩባቸው ዓመታት «ደርዳሪው ተበላሽቷል» ተብሎ ከመጣልኝ አቤቱታ አብዛኛው መነሻው ይኸው አነጻጻሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው፣ ደጋግሜ በማየቴም ትዕግሥቴን ያሟጠጠው፣ በመቀነስ ማነጻጸር ነው። አነጻጻሪው የመጀመሪያው የሚቀድም ከሆነ ከዜሮ በታች፣ እኩል ከሆኑ ዜሮ፣ የሚከተል ከሆነ ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር እንዲመልስ ስለሚጠበቅበት፣ አንደኛውን ከሌላው ቀንሶ ውጤቱን መመለስ ብልህነት ይመስላል፤ በአንድ መስመርም ያልቃል። ነገር ግን በ32 ቢት የሚቀመጥ ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ አይችልም። እስቲ 2 ቢሊዮንን፣ ዜሮን እና ኔጋቲቭ 2 ቢሊዮንን እንውሰድ። 2 ቢሊዮን ከዜሮ ይበልጣል፣ ዜሮም ከኔጋቲቭ 2 ቢሊዮን ይበልጣል፤ እስከዚህ ድረስ መቀነሱ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። ሁለቱን ዳርቻዎች እርስ በርስ ስናነጻጽር ግን ውጤቱ 4 ቢሊዮን መሆን ሲገባው፣ ቦታው ስለማይበቃው በጃቫ ቋንቋ ኔጋቲቭ 294,967,296 ሆኖ ይመለሳል፤ በሲ ደግሞ ቋንቋው ምን እንደሚሆን ጨርሶ ዋስትና አይሰጥም። አነጻጻሪው ትልቁን ከትንሹ ያንሳል አለ ማለት ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ክብ ሠርተው እየተዞረ አንዱ ሌላውን ይቀድማል፤ ክብ ደግሞ መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው የትኛውም ደርዳሪ በሰልፍ ሊያቆመው አይችልም።

ጉዳቱ በተዘበራረቀ ዝርዝር ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል ባልከረርኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ኳሊስ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ የሚገኘው የሲ ላይብረሪ ግሊብሲ ውስጥ ያለው ኪውሶርት የተባለ ደርዳሪ እንዲህ ያለ ክብ የሚሠራ አነጻጻሪ ሲሰጠውና ተጨማሪ ሜሞሪ አጥቶ ኩዊክሶርት ወደሚባለው ሌላ የመደርደር ዘዴ ሲዞር፣ ከአሬዩ (የሚደረደሩት ነገሮች በተርታ ከተቀመጡበት ቦታ) ወሰን ውጭ ያለ ሜሞሪ ሊያነብና ሊጽፍ እንደሚችል አሳይተዋል። ችግሩ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እዚያው የነበረ ነው። በምሳሌነት ካቀረቧቸው አነጻጻሪዎች አንዱ ይኸው ቀንሶ የሚመልሰው ነበር። ስለዚህ ካነሰ ኔጋቲቭ 1፣ ከበለጠ 1፣ ካልሆነ ዜሮ ብላችሁ በግልጽ ጻፉት፤ ሁለት መስመር ቢጨምር ነው።

ይህን ስል እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ የቁጠባ ማኅበር የአባላትን ቀሪ ሂሳብ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረድር ሪፖርት ጽፌ ነበር። ሂሳቡ ከነሳንቲሙ የተቀመጠ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን ቀንሼ ልዩነቱን ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይሬ መለስኩ። የ10.00 እና የ10.60 ብር ልዩነት 60 ሳንቲም ስለሆነ ሳንቲሙ ተቆርጦ ዜሮ ሆነ፤ ማለትም እኩል ናቸው። 10.60 እና 11.20 ብርም እንዲሁ እኩል ሆኑ። 10.00 እና 11.20 ግን እኩል አልሆኑም። የሞከርኩት 100፣ 250፣ 400 በሚሉ ድፍን ብሮች ስለነበር ምንም እንከን አልታየኝም። ስህተቱን ያገኘችው የማኅበሩ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ ያከበበቻቸውን ሦስት መስመሮች እያሳየች «ይኼኛው ከዚህኛው በላይ ለምን ተቀመጠ?» ስትለኝ የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሬ በሙሉ ቁጥር ነው የማስቀምጠው።

በሲ ፕላስ ፕላስ ጥያቄው ትንሽ ይለያል፤ አነጻጻሪው የሚጠየቀው የመጀመሪያው በእርግጥ ያንሳል ወይ ተብሎ ነው። «ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለውን ምልክት የሚጠቀም ሰው፣ ሁለት እኩል ነገሮች ሲመጡ እያንዳንዱ ሌላውን ይቀድማል ብሎ እየመሰከረ ነው። ጂሲሲ ከተባለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚተረጉመው ፕሮግራም) ጋር በሚመጣው ላይብረሪ ይህ ጥፋት እስከ 16 በሚደርሱ የዝርዝሩ አባላት ላይ ሳይታይ ያልፋል፤ ዝርዝሩ ከዚያ ሲረዝምና እኩል ዋጋዎች ሲበዙበት ግን ፕሮግራሙ የአሬዩን ጫፍ አልፎ ሄዶ ሊወድቅ ይችላል። ጃቫም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው በሰባተኛው ዕትሙ ቲምሶርት የተባለውን የመደርደር ዘዴ ከተቀበለ ወዲህ፣ አነጻጻሪው እርስ በርሱ የሚቃረን መልስ መስጠቱን ሲደርስበት ሥራውን አቁሞ ይናገራል፤ የሚደርስበት ግን ሁልጊዜ አይደለም፣ ከ32 አባላት በታችም ጨርሶ አይመረምርም። አንዳንዶች መልእክቱ ሲመጣባቸው የድሮውን ደርዳሪ የሚመልሰውን ሴቲንግ ፈልገው ያበራሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል እንጂ የተበላሸው አነጻጻሪ እንደተበላሸ ነው።

ዝርዝርን ለማደበላለቅ ብሎ በዘፈቀደ መልስ የሚሰጥ አነጻጻሪ መጻፍም ከዚሁ ጥፋት የሚቆጠር ነው።

ኪውሶርት ለአነጻጻሪው የሚያስረክበው አባሉን ሳይሆን የአባሉን የሜሞሪ አድራሻ ነው፤ አሬዩ የጽሑፍ ፖይንተሮችን፣ ማለትም የጽሑፎቹን አድራሻ፣ የያዘ ከሆነ ደግሞ የሚደርሳችሁ የፖይንተር ፖይንተር ነውና የጽሑፍ ማነጻጸሪያውን እንዳለ አትስጡት። በጃቫስክሪፕት ያለ አነጻጻሪ የተጠራ ደርዳሪ ቁጥሮችን እንደ ጽሑፍ ስለሚያያቸው 10ን ከ9 ያስቀድማል።

የእኩሎች ቅደም ተከተል ይጠበቃል ብሎ መገመት ሌላው ነው። ሠራተኞችን አስቀድሞ በስም፣ ቀጥሎ በክፍል ብንደረድር፣ በየክፍሉ ውስጥ የስሙ ተራ እንዳለ የሚቆየው ደርዳሪው እኩሎችን የማያፈናቅል ከሆነ ብቻ ነው። የፓይተን ደርዳሪ፣ ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሠራው ጀምሮ፣ ይህን ያከብራል፤ ኪውሶርት ግን ቃል አልገባም። ጃቫስክሪፕት ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት ክሮም እስከ 10 አባላት ያለውን አሬይ በአንድ ዘዴ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በሌላ ይደረድር ስለነበር፣ በአሥር መስመር ተሞክሮ ያለፈ ኮድ አሥራ አንደኛው ሲጨመር ተራው ይፋለስ ነበር። በዚህ ላይ መተማመን ካልፈለጋችሁ ሁለቱንም መመዘኛ በአንዱ አነጻጻሪ ውስጥ ክፍል አስቀድማችሁ ስም አስከትላችሁ ጻፉ።

አነጻጻሪ ውስጥ ዳታቤዝ የሚከፍት ሰውም አጋጥሞኛል። 100,000 አባላትን ለመደርደር ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ንጽጽር ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ መመዘኛውን ለእያንዳንዱ አባል አንድ ጊዜ ብቻ አስልቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

የእኛን ፊደል የሚመለከተው ስህተት ለኔ ከሁሉም የቀረበ ነው። ዝግጁው ደርዳሪ ጽሑፍን የሚያነጻጽረው በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ቁጥሩ ሲሆን፣ በዚያ ሰልፍ ሠ ከረ ይቀድማል፣ ሰ ደግሞ ረን ይከተላል። ስለዚህ በአንድ የተማሪዎች ዝርዝር ላይ ሠላም፣ ረድኤት፣ ሰላም በዚህ ተራ ይወጣሉ፤ በመካከላቸው በረ የሚጀምሩ ስሞች ሁሉ ይገባሉ። ዓለማየሁና አለማየሁም እንዲሁ በከ እና በወ በሚጀምሩ ስሞች ይለያያሉ። ስሙን በአንዱ ፊደል የሚፈልግ መዝጋቢ በሌላው የተጻፈውን ሳያይ «ስምህ የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። መፍትሔው ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ መሥራት ነው፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይቀየራሉ፣ በድምፅ የማይለዩት ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም ወደ አንድ ይመጣሉ። ባለቤቱ የጻፈው ስም ራሱ ግን አይነካም፤ ወረቀት ላይ የሚወጣው እሱ ነው። በውጭ አገር አሠራር የመጨረሻውን ስም አስቀድሞ የሚደረድር ሶፍትዌር ለእኛ ሰው የአባትን ወይም የአያትን ስም ስለሚያስቀድም፣ አነጻጻሪው በራስ ስም ጀምሮ የአባትን፣ ከዚያም የአያትን ስም ያስከትል፤ ሦስቱም ቁልፎች እኩል ከሆኑ የመዝገብ ቁጥሩ ይለያቸው።