በቦርከና ዳር ወፍና የዱር አበባ ሲመዘግቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ ለወፉና ለአበባው ግን ከደጋ ወደ ወይና ደጋ መውረድ ነው። በዚህ ወንዝ ዳር በትርፍ ሰዓቱ ወፍ የሚያይና አበባ የሚመዘግብ ሰው ሥራው ትልቅ ጥቅም አለው። ጥቅም የሚኖረው ግን ቦታው ላይ ያልነበረ ሌላ ሰው መዝገቡን አንብቦ ማጣራት ሲችል ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ይህን የሚያበላሹ ናቸው።

ምልክቱን ሳይጽፉ ስሙን መጻፍ

«ቁራ፣ 6» የሚል መዝገብ ደሴ ላይ ምንም አይነግርም፤ ቁራ የምንለው ወፍ ከአንድ ዓይነት በላይ ነውና። ምንቃሩ እጅግ ወፍራምና የጎበጠ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ደረቱ ግን ጥቁር የሆነው በሳይንሳዊ ስሙ ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከአጎራባች አገሮች ውጭ አይገኝም። ነጩ ከማጅራቱ አልፎ ደረቱን የሸፈነ ከሆነ ኮርቩስ አልቡስ ነው፤ እርሱ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው አለ። ሁለቱን የሚያምታታው ሁለቱም ነጭ ስላላቸው ነው። ስለዚህ «ነጭ አለው» ማለት አይበቃም፤ ነጩ የት ላይ እንደሆነ ይጻፉ። ምንም ነጭ የሌለው፣ ሲበር ጭራ የለውም እስኪባል ድረስ ጭራው ያጠረ፣ ገደል አካባቢ የሚያንዣብበው ደግሞ ኮርቩስ ሪፒዱሩስ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን ከሚያውቁት ወፍ ጋር አነጻጽረው ይጻፉ፤ ከዋኔ ይበልጣል? ከዶሮ ያንሳል? ቀጥሎ ምንቃሩን፣ ጭራውን፣ ቀለሙን ከነቦታው፣ የእግሩን ቀለም፣ ምን ሲያደርግ እንደነበርና ድምፁን ይጻፉ። ስሙ መጨረሻ ይምጣ። ካልለዩት «ቁራ፣ ዓይነቱ ያልተለየ» ብለው ይተዉት፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ከተገመተ ስም እጅግ ይሻላል።

በአንድ ምልክት ብቻ መወሰንም ያስታል። እዚሁ የሚኖረው ጭልፊት ምንቃሩ ቢጫ ነው፤ በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ዘመዱ ምንቃሩ ጥቁር ነው። ችግሩ የእኛው ጭልፊት ራሱ ለአቅመ መራባት ሳይደርስ ምንቃሩ ጥቁር መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥቁር ምንቃር አይተው «ስደተኛ» ብለው አይጻፉ፤ የጭንቅላቱንና የጭራውን ቀለም፣ ከተቻለም ፎቶ ይጨምሩ።

ቢጫውን ሁሉ አደይ ማለት

በመስከረም የወንዙ ዳር ቢጫ ይለብሳል፤ ግን ቢጫው ሁሉ አደይ አበባ አይደለም። መጭም በዚያው ወቅት ያብባል፤ ከፊት ሲታይ ሁለቱም ስምንት ገደማ ቢጫ የአበባ ቅጠሎች በመሀል እምብርት ዙሪያ የደረደሩ ናቸው። ስለዚህ አበባውን ትተው ወደ ታች ይመልከቱ። የአደይ (የባይደንስ ወገን) ቅጠል ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ (ጉይዞሺያ ስካብራ) ቅጠል ያልተሰነጠቀ፣ ረዘም ያለና ሲነኩት የሚሻክር ነው፤ ግርጌው ግንዱን አቅፎ ይይዛል። አበባው ከረገፈ ደግሞ ፍሬውን መዳፍዎ ላይ አራግፈው ይዩት፤ መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ፍሬው እንደ ኑግ ትንሽ፣ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ማሳ ጠርዝ ላይ ከሆኑ ራሱ ኑጉም ከእርሻ አምልጦ ሊበቅል ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት የአበባውን ፊት ብቻ ፎቶ ማንሳት ነው። ቆንጆ ፎቶ ይወጣል፤ ተክሉን መለየት ግን አይቻልም። ለአንድ ተክል ቢያንስ አምስት ፎቶ ያንሱ፦ ሙሉ ተክሉን ካለበት ቦታ ጋር፣ አበባውን ከፊት፣ አበባውን ከጀርባ (አረንጓዴው ሽፋን የሚታየው እዚያ ነው)፣ ቅጠሉ ግንዱን የሚይዝበትን ቦታ፣ ፍሬ ካለው ፍሬውን። ከአንዱ ፎቶ ጎን ማስመሪያ ያኑሩ። ስልኩ አበባውን ትቶ ከኋላ ያለውን ሣር ካጠራ፣ ከአበባው ጀርባ መዳፍዎን ወይም ደብተር ያድርጉ፤ ነፋሱንም ይከልላል። ነቅሎ መውሰድ አያስፈልግም።

ቀንና ሰዓት ማምታታት

ይህ የእኛ አገር ልዩ ችግር ነው፤ ጥሩ መዝገብ ከሚያበላሹት ሁሉ የከፋውም ይመስለናል። እንደ ኢበርድና አይናቹራሊስት ያሉ፣ ዕይታ የሚመዘገብባቸው የስልክ መተግበሪያዎች የሚሠሩት በአውሮፓውያን ዘመን አቆጣጠርና ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያዩትን ማታ ቤት ገብተው «1:00» ብለው ካስገቡ፣ ወፎቹ ሁሉ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የታዩ ይሆናሉ። ከ1 ሰዓት ጀምሮ ያለውን የጠዋት ሰዓት ለማስገባት 6 ይደምሩ፤ ጠዋት 1:30 ማለት 7:30 ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ግን 6 ይቀንሱ፤ 12:30 ማለት 6:30 ነው።

የቀኑ ስህተት ይብሳል። ደብተር ላይ «3/2/2018» ብለው ከጻፉ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለትዎ ነው፤ በአውሮፓውያን ኦክቶበር 13 ቀን 2025። እንዳለ ካስገቡት ግን ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2018 ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ሄዶ፣ የጥቅምት አበባ በጥር መጨረሻ ያበበ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፣ ከዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይበሉ፣ ከተቻለም ዝርዝሩን እዚያው ቦታው ላይ በስልክ ይጀምሩት፤ ሰዓቱንና ቀኑን ራሱ ይይዛል። ከአውሮፓ የሚመጡ ብዙ ወፎች እዚህ የሚቆዩት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ገደማ በመሆኑ፣ አንድ የተሳሳተ ወር ትክክለኛውን ዕይታ የማይታመን ያደርገዋል።

ቦታውን «ቦርከና» ብሎ መተው

የትኛው ድልድይ፣ የትኛው ዳር፣ ከየት እስከ የት የሚለው ይጻፍ። ከስልክ ላይ የቦታ ቁጥር ሲገለብጡ ዲግሪና ደቂቃን ከነጥብ ቁጥር ጋር አያደባልቁ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ማለት 11.13 ነው። 11.8 ብለው ከጻፉት ነጥቡ ወደ ሰሜን 74 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸሻል፤ 11.08 ካሉት ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ደሴንና ኮምቦልቻን በአንድ ዝርዝር ማስገባትም አይገባም።

ብርቅ የሆነውን ብቻ መመዝገብ

ዋኔውንና ድንቢጡን ዘለው ብርቁን ብቻ ከጻፉ፣ ከዓመታት በኋላ ድንቢጡ ቀነሰ ወይስ ጨመረ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለም። 1 ኪሎ ሜትር መንገድ ይምረጡ፤ በየ200 ሜትሩ 5 ደቂቃ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ከነቁጥሩ ይጻፉ። ወፍ ያላዩበትን ማቆሚያም «0» ብለው ይመዝግቡ። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቅጣጫ ይሂዱ። ትልቅ መንጋ ሲያዩ አሥር ወፍ ቆጥረው ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ይዩ፣ ከዚያ ያንን የሚያህል ስንት እንዳለ ይገምቱ፤ ግምት መሆኑንም ይጻፉ።

የመስቀል ወፍ የሚባሉት እሳት የመሰሉ ወንዶችም እዚህ ይጠቀሳሉ። በመስከረም ደምቀው ሲታዩ አዲስ የመጡ ይመስላል፤ ብዙዎቹ ግን ቀድሞውኑ እዚሁ ነበሩ፣ የመራቢያ ላባቸውን ስላልለበሱ ነው ድንቢጥ የመሰሉት። በበጋ ቡናማ መንጋ ሲያዩ በደፈናው «ድንቢጥ» አይበሉ።

አረሙን መናቅም ከዚሁ ይቆጠራል። ፓርቲኒየም፣ የወፍ ቆሎና ጭጎጎት «አበባ አይደሉም» ተብለው ይታለፋሉ። የወፍ ቆሎን ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ወንዙን ተከትለው ስለሚያዳርሱት፣ መቼና የት እንደደረሰ ማወቅ በጣም ያስፈልጋል። ፓርቲኒየምን በባዶ እጅ አይንኩት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙም አለርጂ ያስነሳል። አስተናግርም መርዛማ ነውና ከነካኩ እጅዎን ይታጠቡ። በሰው የተተከለ ከሆነ ደግሞ «የተተከለ» ብለው ይለዩት።

ዕቃና ሰዓት

10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር የተሻለ ይመስላል፤ የእጅን መንቀጥቀጥም ግን አብሮ ያጎላል። ለጀማሪ 8 በ42 ይበቃል፤ 8 የሚያጎላበት፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ለደሴ ጉምም ብርሃን ያስገባል። ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ አይጥሩ፤ እንቁላል የታቀፈች ወፍ ጎጆዋን ትታ ትነሳለች።

ሰውንና ወንዙን መርሳት

በወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡና ገላቸውን የሚታጠቡ ሰዎች አሉ። መነጽር ወደ እነርሱ አያዙሩ፤ ቀድመው ሰላም ብለው ምን እያደረጉ እንደሆነ ይንገሩ። ወደ ፋብሪካና ድልድይ ካሜራ ከማዞር በፊት ጥበቃውን ይጠይቁ። በክረምት ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ደሴ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ውኃው ከደፈረሰና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወዲያውኑ ከወንዙ ይውጡ። ለዮሌን የመሳሰሉ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉ ወንዞች ቦርከናን በሚገናኙበት አካባቢ ውኃው ውስጥ አይግቡ፤ የውኃውን ቀለምና አረፋ ግን ከወፉ ዝርዝር ጎን ይጻፉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሁለቱም ከተሞች ስላለፈ፣ የማያውቁት ብረት ካዩ አይንኩ፤ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ያረሙትን መደለዝ

ወፉ ሌላ መሆኑን በኋላ ከተረዱ የድሮውን አይደልዙት። በአንድ መስመር ሰርዘው አዲሱን ስም፣ የታረመበትን ቀንና ምክንያቱን ከጎኑ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ደረቱ ጥቁር መሆኑ ከፎቶው ታየ»። መተግበሪያ ላይ ያስገቡትንም እንዲሁ አስተካክለው ፎቶውን ባለበት ይተዉት።