ማልቲካስት ስዊች ላይ ሲበላሽ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሆቴል ውስጥ መቶ ክፍል አንድ ኳስ ጨዋታ እያየ ነው እንበል። የአይፒቲቪ (በኔትወርክ የሚተላለፍ ቴሌቪዥን) ሰርቨሩ ምስሉን የሚልከው አንዴ ብቻ ነው፤ ማልቲካስት ማለት ይሄ ነው፣ አንዴ ተልኮ ለፈለገው ሁሉ መድረስ። የሚያባዛው ስዊቹ (መሣሪያዎቹ በገመድ የሚሰኩበት ሳጥን) ነው፤ ያውም ሲፒዩው ሳይሆን ቺፑ። ቺፑ ውስጥ ለየግሩፑ (ለየማልቲካስት አድራሻው፣ እዚህ ለየቻናሉ) "በእነዚህ ፖርቶች አውጣ" የሚል መስመር አለ። ፓኬት ሲመጣ ያንን አይቶ በየፖርቱ ቅጂ ያወጣል። የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ቺፑን ከመጠርጠር በፊት ያ መስመር በትክክል ተጽፎ እንደሆነ ማየት ይሻላል።

ስኑፒንግ ከፍቶ ኩዌሪየር መርሳት። የስህተቶች ሁሉ አውራ ይሄ ነው። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ሲከፈት ስዊቹ "ይህን ግሩፕ እፈልጋለሁ" የሚሉ መልእክቶችን እያዳመጠ እነዚያ መስመሮች ያሉበትን ሰንጠረዥ ይሞላል። ዲኮደሮቹ (ከቴሌቪዥኖቹ ጋር ያሉት ተቀባዮች) ግን መጀመሪያ ግሩፑን ሲቀላቀሉ ይናገራሉ እንጂ ከዚያ በኋላ ካልተጠየቁ ዝም ነው። የሚጠይቀው ኩዌሪየር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ። ማልቲካስት ራውተር የሌለበት ቪላን (ስዊች ላይ ለብቻው የተከለለ ኔትወርክ) ላይ ጠያቂ የለም።

ምልክቱ ያሳስታል። ቻናል ትከፍታላችሁ፣ ጥርት ብሎ ይሠራል፣ ጥቂት ቆይቶ ምስሉ ድርቅ ይላል። ቀይራችሁ ስትመለሱ ደግሞ ይነሳል። ቴክኒሻኑ ዲኮደር ሲቀይር፣ ገመድ ሲፈትሽ ይውላል። ሰዓት ብትይዙ ግን ነገሩ ይገለጣል። በስታንዳርዱ ጥያቄ በየ125 ሰከንዱ ይላካል። ሁለት ዙር አልፎ የመልስ መጠበቂያው 10 ሰከንድ ሲጨመር 260 ሰከንድ ይሆናል። 4 ደቂቃ ከ20 ላይ ስዊቹ መስመሩን ይሰርዘዋል። የፋብሪካ ቁጥሩ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል፤ ጸባዩ ግን ያው ነው። መፍትሄው አንዱ ስዊች ላይ ለዚያ ቪላን ኩዌሪየር ማብራት ነው። ትራፊኩ ወደ ኩዌሪየሩም ስለሚሄድ ሰርቨሩ የተሰካበት ስዊች ላይ ቢሆን ይመረጣል።

"ስኑፒንጉን ዝጋው፣ ይሠራል"። አዎ፣ ይሠራል። ስዊቹ ሰንጠረዥ ስለሌለው ለሁሉም ፖርት ይረጫል። 100 ቻናል በ8 ሜጋቢት 800 ሜጋቢት ነው። እዚያው ቪላን ላይ በ100 ሜጋቢት ፖርት የተሰካ ፕሪንተር ካለ አለቀለት። ዋይፋይ ካለማ አያድርስ ነው፤ አክሰስ ፖይንት ማልቲካስትን አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚልክ አየሩ ሁሉ ይያዛል።

አድራሻን እንደመጣ መምረጥ። የማልቲካስት አይፒ ግሩፑን የሚለይ 28 ቢት አለው። ወደ ማክ አድራሻ (ስዊቹ ወደሚያየው የሃርድዌር አድራሻ) ሲቀየር የሚተርፈው 23ቱ ብቻ ነው። ስቲቭ ዲሪንግ እ.ኤ.አ. በ1989 በጻፈው አርኤፍሲ 1112 በተባለው የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ የተደነገገ ነው። ስለዚህ 32 ግሩፕ አንድ ማክ ይጋራል። 224.1.1.1 እና 239.129.1.1 በማክ ብቻ ለሚያስተላልፍ ስዊች አንድ ናቸው።

ከዚህ የባሰው 239.0.0.5 ወይም 239.128.0.5 መስጠት ነው። ሁለቱም ከ224.0.0.5 ጋር ይጋጫሉ፤ እሱ ደግሞ የኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች ስለ መንገድ መረጃ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ነው። በ224.0.0 የሚጀምሩትን ስዊቾች ሁልጊዜ ይረጫሉ፣ ብዙ ጊዜም ቅጂውን ለሲፒዩው ይልካሉ። ቪዲዮ በዚያ በኩል ሲገባ ሲፒዩው ይታነቃል። እኔ ብሆን ከ239.10 ነበር የምጀምረው።

ቲቲኤልን (ፓኬቱ ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚወስነውን ቁጥር) 1 ላይ መተው። የብዙ ሶፍትዌር መነሻ ቁጥር ነው። ቪላኑ ውስጥ ችግር የለም። ሌላ ቪላን ሲሻገር ግን ፓኬቱ ይጣላል፤ ለማልቲካስት ደግሞ የስህተት መልእክት አይመለስም። ራውቲንጉን ከመነካካታችሁ በፊት ላኪውን እዩ።

ሰንጠረዡ የማይሞላ መስሎ መታየት። ይሞላል። ከሞላ በኋላ አዲሱ ግሩፕ እንደ ስዊቹ ዓይነት ይረጫል ወይም ይጣላል። ሲገዙ ዳታሺቱን ማየት ነው።

ፋስት ሊቭን ሁሉም ፖርት ላይ ማብራት። ቻናል መቀየር ያፈጥናል። አንድ ተቀባይ "በቃኝ" ሲል ስዊቹ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ፖርቱን ከግሩፑ ያወጣዋል። ከፖርቱ ጀርባ ትንሽ ስዊችና ሁለት ቴሌቪዥን ካሉ፣ ሳሎን ያለው ሰው ቻናል ሲቀይር ያንኑ ያይ የነበረው መኝታ ቤት ይቋረጥበታል። አንድ ዲኮደር ብቻ ባለበት ፖርት ላይ አብሩት፤ ሌላው ይቅር።