የድንጋይ ደወል አሰቃቀልና አደዋወል

በየአጥቢያው የብረት ደወል እየገባ ነው። እሰየው። እኔ ግን ቢቸና ገጠር ሰሞነኛ ዲያቆን ሆኜ የደወልኩት ድንጋይ ነበር፤ ዛሬም ልንሰቅል ነው የሚሉ ይጠሩኛል። ዘጌን ወይም የጣና ገዳማትን የተሳለመ ሰው አይቶታል፦ ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ።

ድንጋዩ ግራጫ፣ ቅንጣቱ የደቀቀ፣ እንደ ሳንቃ ተሰንጥቆ የሚወጣ ይሁን። መሬት ላይ እንደተጋደመ አትሞክሩት፤ መሬት ድምፁን ይውጠዋል። በገመድ አንሡትና በጠጠር ነካ አድርጉት። ጥንንን ብሎ ከቆየ ውሰዱት። ዷ ብሎ ከቀረ ስንጥቅ አለው፤ ቢያምርም ተዉት።

ዋናው ማሰሪያው ነው። ብዙ ሰው ጫፍና ጫፉን ያስርና ድምፁን ይገድለዋል። ድንጋይ ሲመታ መሐሉና ሁለቱ ጫፎቹ ይርገበገባሉ። ከየጫፉ ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ግን የማይርገበገብ ቦታ አለ። ድንጋዩ 1 ሜትር ከሆነ ከየጫፉ 22 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ እዚያ እሰሩት። ጠፍር ይሻላል፤ ሽቦ ራሱ ይንጫጫል። መምቻው ጭብጥ የምታክል ድንጋይ ወይም የወይራ ዱላ ነው። መሐሉን ምቱና ቶሎ አንሡ፤ እጃችሁ ከዘገየ ድምፁን ታፍኑታላችሁ።

ሁለት ሦስት ድንጋይ ካላችሁ ዜማ ይመጣል። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ 70 ሳንቲ ሜትሩ የ1 ሜትሩን ድምፅ ይደግመዋል፤ ሴት ከወንድ ጋር ስትዘምር እንደሚሰማው፣ ከፍ ብሎ። ወፍራም ድንጋይ ወፍራም ድምፅ ያወጣል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ወፍራሙ ነው። ድምፁ እንዲቀጥን ከጫፉ ቀንሱ፤ እንዲጎረንን መሐሉን ፈግፍጉ። ቀስ እያላችሁ ታዲያ፤ የተፈነከተ አይመለስም።

አመታቱን ከሕዝቡ ጋር ተስማሙበት። በእኛ ደብር ለቅዳሴ ፈጠን ፈጠን ተደርጎ ይመታል። ሰው ሲሞት ግን አንዱ ምት ድምፁ እስኪያልቅ ተጠብቆ ነው ሌላው የሚከተለው። ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ ያዳምጥና ይለየዋል። በሁዳዴ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እንግዳ ሰው በዚያ ሰዓት ሲሰማ ይደነግጣል። ትምህርት ቤት ቅርብ ከሆነም ተነጋገሩ። የመኪና ቸርኬ ሰቅለው የሚደውሉ አሉ፤ ከሩቅ ይምታታል።

ቃጭል ሌላ ነው፣ ለቅርብ ጆሮ። መሥዋዕቱ ከሚዘጋጅበት ቤት፣ ከቤተልሔም፣ ሲወጣ ዲያቆኑ እያቃጨለ ይመራል። ጸናጽልም የማኅሌት ነው፤ ለመጥሪያ አይሆንም።

ከሰኔ በፊት ክዳን ሥሩለት፤ ጠፍር ሲርስ ይላላል፤ ድንጋዩ ከወደቀ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ከልጆች ቁመትም ከፍ አድርጉት። እረኛ ሳይመታው አያልፍም።