የቤት ፎቶ ቅጂ ቀን፦ የአካባቢ ታሪክ ማኅበር እንዴት ያዘጋጀው?

የአካባቢ ታሪክ ማኅበር ንግግር ያዘጋጃል፣ የእግር ጉዞ ይመራል፣ ዐውደ ርእይ ይከፍታል። ለመዝገብ ቤቱ በአንድ ቀን ብዙ የሚያስገባለት ግን የፎቶ ቀን ነው። ሰዎች ከአልበማቸው ጥቂት ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ እዚያው ስካን ይደረግላቸውና ዋናውን ይዘው ይመለሳሉ። ማኅበሩ ቅጂውንና ታሪኩን ያስቀራል።

አዘጋጆች ዘወትር የሚጨነቁት ስለ ስካነሩ ነው። ቀኑ የሚበላሸው ግን በወሬው ጠረጴዛ፣ ማለትም ባለ ፎቶው ተቀምጦ "ይሄ እገሌ ነው" በሚልበት ቦታ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ፎቶ የፈለገውን ያህል ጥርት ብሎ ቢቀዳ የማይታወቁ ሰዎች ምስል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዕቅዱ ከወሬው ጠረጴዛ ይጀምር።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ እንግዳ በወሬ ጠረጴዛ 20 ደቂቃ ይወስዳል። 3 ጠረጴዛ ለ6 ሰዓት ቢሠራ 54 ሰው ያስተናግዳል፤ ቀጠሮ የሚያዘው ግን ለ36 ብቻ ነው፤ ወሬ ይረዝማል፣ ያለ ቀጠሮ የሚመጣም አይጠፋም። አንድ ፎቶ ከፖስታ ወጥቶ፣ ፊቱና ጀርባው ተቀድቶ፣ እስኪመለስ 3 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 36 ሰው 6፣ 6 ፎቶ ካመጣ 216 ፎቶ ይሆናል፤ በ2 ስካነር 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ገደቡ 8 ቢሆን ኖሮ ከ7 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ "እስከ 6 ፎቶ" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። አለበለዚያ አንዱ ሻንጣ ሙሉ ይዞ ይመጣና ሰልፉ በር ላይ ይደርሳል። ሻንጣ ሙሉ ያመጣውን ግን አትሸኙት፤ 6ቱን አስመርጡና ለቀሪው ሌላ ቀን ቀጠሮ ስጡት።

8 ሰው ይበቃል፦ አንድ ተቀባይ፣ ሦስት አነጋጋሪ፣ ሁለት ስካን አድራጊ፣ አንድ አስረካቢ፣ አንድ ተቀያሪ።

ተቀባዩ ለእያንዳንዱ እንግዳ ተራ ቁጥር የተጻፈበት ፖስታ ይሰጣል። በፊቱ ፎቶዎቹን ይቆጥርና ቁጥሩን ፖስታው ላይ ይጽፋል፤ ለምሳሌ "14፣ 6 ፎቶ"። አስረካቢው ሲመልስ እንደገና በእንግዳው ፊት ይቆጥራል። ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን በፎቶ ቀን በብዛት የሚጠፋው ስካነሩ ክዳን ሥር ተረስቶ የቀረው የመጨረሻው ፎቶ ነው። የሰው የእናቱን ብቸኛ ፎቶ የጣለ ማኅበር ዳግመኛ እንግዳ አያይም። የሁለት ሰው ፖስታ በአንድ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይከፈት።

እንግዳው መጀመሪያ ወደ ወሬው፣ ቀጥሎ ወደ ስካነሩ ይሂድ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሰው ፎቶው ከተቀዳለት በኋላ "ቸኩያለሁ" ብሎ ይወጣል።

አነጋጋሪው ቅጽ ይሞላል፣ ድምፅም ይቀዳል። ስልክ ይበቃል፦ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፣ ከተናጋሪው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒውም የእጁም ኳኳታ ይገባል። መተግበሪያው ከፈቀደ በዋቭ፣ ማለትም ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት፣ ቅዱ። ሲጀመር ቀኑ፣ የእንግዳው ተራ ቁጥርና የፎቶው ቁጥር በድምፅ ይነገር።

ጥያቄው ሥዕሉ ውስጥ በሚታይ ነገር ላይ ይንጠልጠል። "እማማ፣ ይሄ የት ነው የተነሳው?" ሲባሉ "ቤት" ይላሉ፤ ሁለት ፊደል፣ ለመዝገብ የማይረባ። "እማማ፣ ከጀርባ የሚታየው አጥር የማን ነው?" ቢባሉ ግን "እሱማ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ነበር፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ" ሊሉ ይችላሉ። አሁን ቦታው ታወቀ፣ ፎቶው ከመንገዱ ሥራ በፊት መነሳቱም ታወቀ። "ማን አነሳው?" የሚለው ጥያቄም አይረሳ፤ ካሜራው በማን እጅ እንደነበር ከፎቶው ላይ አይነበብም።

የቡድን ፎቶ ላይ ስም ሲጻፍ ከኋላው ረድፍ ተጀምሮ፣ ከተመልካቹ ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የማይታወቀውን ሰው "አይታወቅም" ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትዝለሉት። አንዱ ከተዘለለ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ የሌላ ሰው ስም ይይዛሉ፤ ስህተቱን በኋላ የሚያውቅ የለም። ሴቶችን "የአቶ እገሌ ባለቤት" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው ጠይቁ፣ የሚጠሩበት ቅጽል ስም ካለም ጨምሩ። ዓመት ሲጠቀስ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፤ ያለዚያ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ገብቶ ይቀራል። ዓመቱን ለማያስታውስ "ያኔ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?" ማለት ይረዳል።

ወደ ስካነሩ እንምጣ። መደበኛው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይቀዳል። ጉርድ ፎቶ 1200፣ የወረቀት ኤ4 ያህል የሚሆን 400 ይበቃዋል። የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ 3000 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ክዳኑ ላይ መብራት የሌለው ስካነር ግን ኔጋቲቭ አይቀዳም። ዋናው ፋይል በቲፍ፣ ማለትም የሥዕሉን ጥራት በማይቀንስ የፋይል ዓይነት፣ ይቀመጥ። 10 በ15 ፎቶ በቀለም ሲቀዳ 25 ሜጋ ባይት ያህል ነው፤ ስለዚህ የ216 ፎቶ ፊት ብቻ ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ይሆናል፣ ጀርባው ሲጨመር እጥፍ። ለባለቤቱ የሚሰጠው ተጨምቆ ያነሰው ፋይል፣ ጄፔግ ነው።

ጥቁርና ነጩንም በቀለም ቅዱት። የደበዘዘው ቢጫ፣ የጀርባው ሐምራዊ ማኅተም፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ስም ሁሉ መረጃ ነው። ስካነሩ በራሱ የሚያደርጋቸውን አቧራ ማጥፋት፣ ማጥራትና ቀለም ማስተካከል ሁሉ አጥፉ። አቧራ አጥፊው ዓይን ውስጥ የሚያበራውን ነጥብና የጥልፍን ነጥብ ጉድፍ መስሎት ይደመስሳል፤ ከቲፉም ላይ የሚመለስ አይደለም። መስታወቱ በየ10 ፎቶው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። ፈሳሽ ካስፈለገ ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይረጭም፤ በጠርዙ ሰርጎ ከውስጥ ጭጋግ ይሠራል።

ሊነኩ የማይገባቸውም አሉ። የሚያጣብቅ ገጽና የፕላስቲክ ሽፋን ያለው አልበም ውስጥ የተጣበቀ ፎቶ አይላቀቅ፤ ገጹን እንዳለ በካሜራ አንሱት። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውም እንዲሁ፤ ከተሳበ ሥዕሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ኮምጣጤ የሚሸት ኔጋቲቭ እየተበላሸ ስለሆነ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል ወይም ከላዩ ወዳለው ፎቶ ይተላለፋል። ለስላሳ እርሳስ ለአሮጌው ወረቀት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተለመደው ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት ግን እርሳስ አይቀበልም፤ ጽሑፉ ፖስታው ላይ ይሁን። ስኮች፣ ላስቲክና የወረቀት መያዣ ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ባይኖሩ ይሻላል፤ ካሉ ሰው ያነሳቸዋል።

የፋይል ስም ቁጥር ብቻ ይሁን፦ ቀን፣ የእንግዳ ቁጥር፣ የፎቶ ቁጥር፣ ፊት 1፣ ጀርባ 2። 20250315-014-03-2 ማለት በዚያ ቀን የመጣው 14ኛው እንግዳ ሦስተኛ ፎቶ ጀርባ ነው። የሰው ስም ፋይል ላይ አይጻፍ። ፀሐይን አንዱ በ"ፀ"፣ ሌላው በ"ጸ"፣ "ሐ"ንም በ"ሀ" ይጽፋልና ፍለጋው አያገኛትም። ስሙ ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ፤ እዚያም ሌሎቹ አጻጻፎች በአንድ ተጨማሪ ዓምድ ይዘርዘሩ።

የፈቃድ ቅጹ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ማኅበሩ ቅጂውን እንዲያስቀምጥ፣ በዐውደ ርእይ እንዲያሳይና ኢንተርኔት ላይ እንዲያወጣ የሚፈቀደው በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች ነው፤ ለመጀመሪያው እሺ ያለ ሁሉ ለሦስተኛው እሺ አይልም። ወረቀቱ የእንግዳው ቢሆንም የቅጂ መብቱ የፎቶ አንሺው ሊሆን ይችላል፤ የጥበቃው ዘመን እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። የስቱዲዮ ማኅተም ካለ ስለዚህ ይመዝገብ።

ማንም ከመሄዱ በፊት አስረካቢው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ይይ፤ የተቆረጠ ጠርዝ ወይም ባዶ ፋይል ያኔ ካልታየ ፎቶው ሄዷል። ማታውኑ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ቅጂዎቹ ሳይረጋገጡ ከላፕቶፑ ምንም አይሰረዝ።

ከወር በኋላ "አይታወቅም" የተባሉትን ፎቶዎች ሰብስባችሁ አንድ ማታ ሰዎችን ጥሩ። በኤ4 ታትመው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ስስ ወረቀት ተደርቦ የሰዎቹ ቅርጽ በእርሳስ ይከበብና ቁጥር ይሰጠው። ከሥሩ ባዶ ወረቀት ይንጠልጠል፦ ቁጥር፣ ስም፣ ያወቀው ሰው ስም። ለአንድ ፊት ሁለት ስም ከተጻፈ ሁለቱም ይመዝገቡ፤ እዚያው ግድግዳው ሥር ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አትሞክሩ።