ቀይ ሽብርን ስንዘክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር የቀይ ሽብር፣ ማለትም ደርግ ተቃዋሚዎቼ ያላቸውን የጨፈጨፈበት ዘመቻ፣ ሰለባዎችን የምንዘክርበት ምሽት አዘጋጅተን ነበር። ስንቱን ነገር እንዳበላሸን የገባኝ ካለፈ በኋላ ነው። ለማዘጋጀት የምታስቡ ካላችሁ ከኛ ተማሩ።

ዓመተ ምሕረቱን ማምታታት። ፖስተሩ ላይ «የ1977 ጭፍጨፋ» ብለን ለጠፍን፣ ከእንግሊዝኛ ገልብጠን። አንድ አባት አይተው «ልጆች፣ ሰባ ሰባት እኮ ድርቁ ነው» አሉን። አፈርን። በኛ አቆጣጠር 1969 እና 1970 ነው። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም አደባባይ ወጥቶ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ የሰበረው ሚያዝያ 1969 ነበር።

ካሜራ ደግኖ ሰው ቤት መግባት። የጓደኛዬን አክስት ለማነጋገር ሦስት ሆነን ሄድን፤ መብራት፣ ማይክ፣ ሁሉም አለን። ገና ሳንቀመጥ «ወንድምዎን እንዴት ገደሏቸው?» ብለን ጠየቅን። ቡና ላፍላ ብለው ተነሡና ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወሩን አመሹ። በሳምንቱ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ያኔ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን አወጡ። ውስጡ አንድ እግር ሸራ ጫማ አለ፤ ማሰሪያው እንደታሰረ ነው። «አላለቀስኩለትም እኮ» አሉን። ያኔ ለ«ፀረ አብዮት» ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል ነበር። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስሙን ከነአባቱ ጥሩልኝ።»

የራስን ወገን ብቻ መቁጠር። በብዛት ያለቁት ደርግን ይቃወም በነበረው ፓርቲ፣ በኢሕአፓ አባልነት የተጠረጠሩ ወጣቶች ናቸው። ግን ከደርግ ጋር ሲሠራ የቆየው ሌላው ፓርቲ መኢሶንም ነሐሴ 1969 ከተሰወረ በኋላ ተራው ደርሶታል። ኢሕአፓም የገደላቸው የቀበሌና የመኢሶን ሰዎች ነበሩ። ይህን መናገር የመንግሥትን ግድያ አያቀልም። ደብቃችሁት ከአዳራሹ አንዱ ተነሥቶ ሲናገረው ግን መልስ ታጣላችሁ።

ትልቁን ቁጥር መምረጥ። የሟቾቹን ብዛት በተመለከተ የሚጠሩት ግምቶች ሰማይና ምድር ናቸው። አሥር ስም ከነአባቱ ይበልጣል።

የሰፈር ገዳይ ብሎ ስም መለጠፍ። ይሄ አደገኛ ነው። የመንግሥቱ ኃይለማርያምና የባለሥልጣናቱ ክስ በ1987 ተጀምሮ፣ መንግሥቱ በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው ታኅሣሥ 1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! እናንተ በአንድ ፖስት አትፍረዱ።

መስቀል አደባባይ ያለው ሙዚየም ውስጥ ከአጽሞቹ ጋር ሰልፊ መነሣትስ? እሱን እንኳ አልናገርም።

«ዝግጅቱ ፖለቲካ የለውም» ማለት። እኛም ፈርተን ጽፈነዋል። ልጆቹ የሞቱት በምን ሆነና? «ሕዝባዊ መንግሥት» ብለው ነው። የዛሬ ፓርቲ ቲሸርት አታልብሷቸው እንጂ ፖለቲካቸውን አትንጠቋቸው።

የመጨረሻው አሁንም ያሳፍረኛል። አምስት ተናጋሪ ጋብዘን ስም ማንበቡን መጨረሻ ላይ አደረግነው፣ ለዚያውም አሥር ደቂቃ ሰጥተን። ስሞቹ መነበብ ሲጀምሩ እናቶች ማልቀስ ጀመሩ። አክስትየው ከመቀመጫቸው ተነሡ። መድረክ መሪያችን ሰዓቱን አየና «ይቅርታ እናቶች፣ ሰዓት የለንም» አለ።

ለሚቀጥለው ዝግጅት ተናጋሪ አልጋበዝንም። ስም ማንበብና ቡና ብቻ ነው ያለው፤ አዳራሹንም እስከ ማታ ተከራይተናል።